ሲንግሌት ፊሽን በሙሙት ውስጥ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ሲንግሌት ፊሽን ማለት ብርሃን የመጠጠ ሞለኪውል ጉልበቱን ለጎረቤቱ አካፍሎ ሁለት ትሪፕሌት (አነስ ያለ ጉልበት የያዘ የተነቃቃ የሞለኪውል ሁኔታ) ማስገኘቱ ነው፤ መቶ ብርን በሁለት ሃምሳ እንደ መዘርዘር። ስለዚህ የትሪፕሌቱ ምርት እስከ 200 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላብራቶሪ ውስጥ ሞክራችሁ ቁጥሩ አልገጥም ካለ፣ አዲስ ሞለኪውል ለመሥራት ከመነሳታችሁ በፊት ሶልቨንቱን፣ ማለትም ሞለኪውሉ የሟሟበትን ፈሳሽ፣ መርምሩ።

ምልክት፦ ለፊሽን ሙከራ የሚያገለግለው የቲፕስ ፔንታሲን ሞለኪውል ሰማያዊ ቀለም እየሳሳ ይሄዳል።
ኦክስጅንና ብርሃን ተጋግዘው ሞለኪውሉን እየበሉት ነው። ኩቬቱን (ሙሙቱ የሚለካበትን ትንሽ ብልቃጥ) በፎይል ጠቅልሉ፣ ኦክስጅኑን ለማስወጣት አርጎን ጋዝ ንፉበት። የከፍታ ቦታ ሰው ጣጣ የሚመጣው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ዳይክሎሮሜቴን የተባለው ሶልቨንት በባሕር ወለል ላይ በ40 ዲግሪ ይፈላል፤ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለችው ባሕር ዳር ደግሞ ከዚያም ባነሰ ሙቀት። ከሰዓት በኋላ አርጎን ሲነፋበት ሶልቨንቱ ሳይታወቅ ይተናል፣ የሞለኪውሉ ክምችት ይጨምራል፣ ግጭቱም ይበዛል። እናንተም “ፊሽኑ ፈጠነ” ብላችሁ መዝገብ ላይ ታሰፍራላችሁ። አርጎኑን መጀመሪያ ያው ሶልቨንት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አሳልፉት፤ ኩቬቱንም ከመንፋታችሁ በፊትና በኋላ መዝኑት።

ምልክት፦ ፖላር ሶልቨንት (ሞለኪውሎቹ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጫፍ ያላቸው ፈሳሽ) ውስጥ ፍሎረሰንሱ፣ ማለትም ሞለኪውሉ መልሶ የሚያወጣው ብርሃን፣ ይጠፋል፣ ትሪፕሌት ግን አይታይም።
ፍሎረሰንስ መጥፋቱ ብቻውን የፊሽን ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ፖላር ሶልቨንት አንዱ ሞለኪውል ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ የሆነበትን ሁኔታ ያረጋጋዋል፤ ጉልበቱም እዚያው ወርዶ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ቴሪሊንዳይኢማይድ በተባለ ሞለኪውል ጥንድ ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፦ በፖላር ሶልቨንት ቻርጁ ተለያየ፣ ፖላር ባልሆነው ግን ፊሽኑ በጥቂት ፒኮሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ተካሄደ። ፖላርነቱ አነስተኛ ወደሆነው ቶሉዊን ዙሩ።

ምልክት፦ ዝልግልግ ሶልቨንት ውስጥ ሁሉም ነገር ይዘገያል።
ነጠላ ሞለኪውሎች ለመገናኘት መንቀሳቀስ አለባቸው፤ በቦንድ የተያያዙ ጥንዶች ደግሞ በማያያዣው ዙሪያ መዞር ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ዝልግልግነትን ከፖላርነት ለመለየት ሄክሴንን ከፋርማሲ ከሚገዛ ፈሳሽ ፓራፊን ጋር አነጻጽሩ፤ ሁለቱም ፖላር አይደሉም። ፓራፊኑ ራሱ ሊያበራ ስለሚችል ሞለኪውሉ ያልተጨመረበትን ፓራፊን አስቀድማችሁ ለኩ። የደብረ ማርቆስ የጠዋት ብርድም ሶልቨንቱን ይበልጥ ዝልግልግ ያደርገዋልና የጠዋቱንና የከሰዓቱን ልኬት በአንድ ሙቀት አድርጉት። ከዚያ ሙሙቱን በግማሽ አቅጥኑት፦ ፍጥነቱ ከወረደ ጉዳዩ የመገናኘት ነው፣ ካልተለወጠ የጥንዱን የውስጥ መዞር ተጠራጠሩ።