የአንድ ትንሽ የጣሊያን እርሻ ቀይ ወይን እንዴት ይጣጣማል? የባሮሎ ምሳሌ

በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን በፒየሞንቴ ክልል፣ ከአልባ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ ባሉት የላንጌ ኮረብታዎች ላይ ባሮሎ የተባለው ቀይ ወይን ይመረታል። ወይኑ የሚጠመቀው ኔቢዮሎ ከተባለ አንድ የወይን ዝርያ ብቻ ሲሆን፣ ይህን ስም ይዞ መሸጥ የሚችሉት በ11 የገጠር ከተሞች ክልል ውስጥ የሚገኙ እርሻዎች ናቸው። ከአምራቾቹ ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር መሬት ያላቸው ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ ወይኑን የሚተክሉትም፣ የሚለቅሙትም፣ የሚጠምቁትም ራሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን ወይን በጥድፊያ የቀመሰ ሰው አፍ የሚያደርቅና ኮምጣጣ መጠጥ ነው ብሎ ይተወዋል። ባሮሎን ለማጣጣም ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፤ ቀጥሎ የተዘረዘሩት እርምጃዎችም በአብዛኛው ጊዜውን እንዴት መጠቀም እንደሚገባ የሚያሳዩ ናቸው።

በመጀመሪያ በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። «አዚዬንዳ አግሪኮላ» የሚል ከተጻፈበት ወይኑ የተሠራው አምራቹ በራሱ እርሻ ካበቀለው ፍሬ ብቻ ነው ማለት ነው። ትንሽ እርሻን ለሚፈልግ ገዢ ይህ ከሚያምር ሥዕልና ከወርቃማ ፊደል የበለጠ ጠቃሚ መረጃ ነው። ቀጥሎ የምርት ዘመኑን ይመልከቱ። በላንጌ 2014 ቀዝቃዛና ዝናባማ፣ 2017 ደግሞ ሞቃትና ደረቅ ዓመት ስለነበር፣ የአንዱ እርሻ ወይን በሁለቱ ዓመታት የተለያየ ጠባይ ቢኖረው ሊያስደንቅ አይገባም። መንደሩ ከተጠቀሰም ልብ ይበሉ፤ የላ ሞራ ወይን ባብዛኛው መዓዛው ቀድሞ የሚከፈትና ለስለስ ያለ ሲሆን፣ የሴራሉንጋ ዳልባ ወይን ግን ጠንካራና ብዙ ዓመት መቆየት የሚፈልግ ነው። በሕጉ መሠረት ባሮሎ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፤ ከዚህም ውስጥ 18ቱን ወር የሚያሳልፈው በእንጨት በርሜል ነው። «ሪዜርቫ» ለመባል ደግሞ 62 ወር ያስፈልገዋል።

ጠርሙሱ ብዙ ዓመት የቆየ ከሆነ አተላው እንዲዘቅጥ ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርገው ያቁሙት። የሚቀርብበት ሙቀት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚለው ምክር ቤቱ ሲሞቅ አይሠራም፤ በሞቃት ክፍል ውስጥ አልኮሉ ጎልቶ ሌላውን መዓዛ ስለሚሸፍነው፣ ጠርሙሱን ለግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል።

ቡሹን ከፍቶ ጠርሙሱን እንዲሁ ማቆየት ብዙም አይጠቅምም፤ የጠርሙሱ አንገት ጠባብ ስለሆነ የሚገባው አየር ጥቂት ነው። ወይኑ ገና ወጣት ከሆነ ሰፋ ባለ የመስታወት ጆግ ውስጥ ገልብጠው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያቆዩት። ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየውን ግን አተላውን ከሥር እየተዉ በቀስታ ይቅዱት፤ ስስ የሆነው መዓዛው ቶሎ ሊጠፋ ስለሚችል አየር ላይ ለሰዓታት አያቆዩት።

ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይምረጡና ከሲሶው በላይ አይሙሉት። ብርጭቆውን በእግሩ ይዘው ከነጭ ወረቀት ወይም ጨርቅ በላይ ዘንበል አድርገው ቀለሙን ይመልከቱ። ኔቢዮሎ ከብዙ ቀይ የወይን ዝርያዎች ይልቅ ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፤ ጠርዙም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሸክላ ቀለም ያደላል። የወይንን ጥንካሬ በቀለሙ ጥቁረት የሚለካ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ይህ ፈዘዝ ያለ ወይን በአፍ ውስጥ እጅግ ብርቱ ነውና።

ማሽተት ላይ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ብርጭቆውን ሳያንቀሳቅሱ ያሽትቱ፤ ከዚያ በጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጡት አዙረው እንደገና ያሽትቱ። በወጣት ባሮሎ የጽጌረዳና የቼሪ መዓዛ፣ አንዳንድ ጊዜም የሬንጅ ሽታ ይገኛል። ሲያረጅ የደረቀ ፍራፍሬ፣ የትምባሆ፣ የቆዳና የእንጉዳይ መዓዛ ይጨምራል። የቫኒላና የተጠበሰ እንጨት ሽታ ከበረታብዎት ወይኑ ባሪክ በተባለው የ225 ሊትር አዲስ በርሜል ውስጥ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። የቀድሞውን ልማድ የሚከተሉ አምራቾች ብዙ ሺህ ሊትር የሚይዙ ትልልቅ በርሜሎችን ይጠቀማሉ፤ እኔም የማደላው ወደ እነዚህ ነው፤ ትልቁ በርሜል የእንጨቱን ጣዕም ስለማይጭንበት ፍሬውና መሬቱ ይበልጥ ይሰማሉ። ከሁሉም ይልቅ የእርጥብ ካርቶን ሽታ ከጎላ ግን ችግሩ ከቡሹ የመጣ ነው፤ ጤና ባይጎዳም በአየር ስለማይስተካከል ጠርሙሱን ለሻጩ መመለስ ተገቢ ነው።

አሁን ጥቂት ይጎንጩና ከመዋጥዎ በፊት ወይኑን በአፍዎ ውስጥ ሁሉ ያዳርሱት። በምላስ ዳርና ዳር ምራቅ ቢሞላ አሲዱ ነው። ድድንና ጉንጭን የሚያደርቀው ደግሞ ከፍሬው ቆዳና ዘር የሚወጣው ታኒን ሲሆን፣ ስሜቱ ቅጠሉ በዝቶበት ብዙ የቆየ ሻይ ሲጠጡ ከሚሰማው ጋር አንድ ነው። ባሮሎ ሁለቱም ስለሚበዙበት የመጀመሪያው ጉንጭ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ስለዚህ ፍርድዎን እስከ ሦስተኛው ያዘግዩት። ከዋጡ በኋላ ጣዕሙ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ምን ዓይነት ጣዕም እንደሚቀርም ይከታተሉ። ድርቀቱ ብቻ ቀርቶ ፍሬው ወዲያው ከጠፋ ወይኑ ሚዛኑን አልጠበቀም፤ የአበባውና የፍሬው ጣዕም ከድርቀቱ ጋር አብሮ ከዘለቀ ግን መልካም ሥራ ነው።

ታኒን ከፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ሥጋ ሲኖር ድርቀቱ በግልጽ ይቀንሳል። የአልባ ሰዎች በቢላ የተከተፈ ጥሬ የጥጃ ሥጋ በወይራ ዘይት፣ በጨውና በሎሚ አጣፍጠው ይመገባሉ፤ በእኛም ማዕድ ለስለስ ያለ ክትፎ፣ ሚጥሚጣው ለብቻ ቀርቦ፣ ከዚህ ወይን ጋር ይስማማል ብዬ አምናለሁ። በርበሬ የበዛበት ወጥ ግን የአልኮሉን ማቃጠልና የታኒኑን ድርቀት ስለሚያባብስ፣ ከባሮሎ ጋር ባይቀርብ ለወጡም ለወይኑም ይበጃል።

በምግቡ መካከል በየግማሽ ሰዓቱ ብርጭቆውን መልሰው ያሽትቱ፤ ያገኙትንም በአጭሩ ይጻፉ። የተረፈውን በቡሹ ዘግተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩት፤ በማግስቱም ትንሽ ሞቅ እንዲል ቀድመው አውጥተው እንደገና ይቅመሱት። ወጣት ባሮሎ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይበልጥ ለስልሶ ይገኛል። ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ ደግሞ ለምግብ ማብሰያ ያውሉት፤ በላንጌም የበሬ ሥጋ በባሮሎ ውስጥ ለሰዓታት በዝግታ ይበስላል።