በሐዋሳ ሐይቅ ዳርና በጥቁር ውኃ ወንዝ አካባቢ ከመኪና ርቆ ብስክሌት ለመንዳት

ሐዋሳ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ መሆኗን የማያውቅ ጥቂት ነው። ከተማዋ ያረፈችው በጥንት ዘመን ፈንድቶ በሰመጠ የእሳተ ገሞራ አፍ ወለል ላይ በመሆኑ መንገዶቿ ሜዳ ናቸው፤ ከታቦርና ከአላሙራ ኮረብቶች በቀር ጉልበት የሚፈትን ዳገት የላትም። ይሁንና ሜዳነቱ ለብስክሌቱ ብቻ ሳይሆን ለባጃጁም ተመችቷል። ስለዚህ በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ብቻ የሚነዳ ሰው ከሐይቁ ይልቅ የጡሩንባ ድምፅ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በሐዋሳ ከዳር እስከ ዳር ለብስክሌት ብቻ የተከለለ የሐይቅ ዳር መንገድ እንዳለ አድርጎ ማሰብ አይገባም። ያለው የጎርፍ መከላከያው ግድብ ጀርባ፣ የእግረኛ መተላለፊያው፣ ከብት ጠባቂዎችና ዓሣ አጥማጆች በእግራቸው ያወጧቸው ቀጫጭን መንገዶች፣ በመካከላቸውም ሊያመልጡት የማይቻል የአስፋልት ክፍል ነው። እነዚህን አገጣጥሞ ከመኪና የራቀ ጉዞ የሚያደርጋቸው ሰዓቱ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወፍ ብቻ የሚሰማበት መንገድ ረፋዱ ላይ ሌላ መንገድ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ጉዞውን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ መጀመርና ከ4 ሰዓት በፊት መጨረስ የተሻለ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ፀሐዩ ቆዳን ያቃጥላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል። ጠዋት እንደ መስታወት ረግቶ የነበረው ውኃ ሲናወጥ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ከባድ ብስክሌት መግፋት ከሽርሽርነት ወጥቶ ሥራ ይሆናል።

ማለዳ ይሁን ሲባል ግን ገና ሳይነጋ ማለት አይደለም። በሐይቁ ውስጥ ጉማሬዎች አሉ። ጉማሬ ቀኑን ውኃ ውስጥ ያሳልፍና ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ይወጣል፤ ሌሊቱን ሲግጥ አድሮ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። በዚህ መመለሻ ሰዓት በእንስሳውና በውኃው መካከል መገኘት እጅግ አደገኛ ነው፤ ፈርቶ የሚሮጠው ወደ ውኃው ስለሆነ በመንገዱ ላይ የቆመውን ሁሉ ይደፈጥጣል። አንድ ጊዜ በደንገል ዳር ባለ ቀጭን መንገድ በድንግዝግዝ ስነዳ መረብ የሚሰበስቡ አንድ አዛውንት አስቆሙኝና «ልጄ፣ ፀሐይ ትውጣ እንጂ! እንስሳው ገና አልገባም እኮ» አሉኝ። እስኪነጋ አብሬያቸው ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ወዲህም በዚህ ጉዳይ ተከራክሬ አላውቅም።

ስለ ብስክሌቱ ምርጫ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለእሽቅድምድም የተሠራው ባለ ቀጭን ጎማ ብስክሌት ቤት ይቅር፤ ለዚህ ጉዞ የሚስማማው ጎማው ወፈር ያለና ጥርስ ያለው የተራራ ብስክሌት ነው። በከተማዋ በሰዓት የሚያከራዩ ስላሉ የራሱ ብስክሌት የሌለው እንግዳም አይቸገርም። ነገር ግን ከመከራየት በፊት ሁለት ደቂቃ ወስዶ መፈተሽ ተገቢ ነው። ፍሬኑን ጨብጠው ብስክሌቱን ወደ ፊት ሲገፉት ጎማው መዞሩን ከቀጠለ ፍሬን የለውም ማለት ነው። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው ፔዳሉን ሲያዞሩ ቸርኬው ግራና ቀኝ የሚወላገድ ከሆነ ሌላ ይጠይቁ። የኮርቻውን ከፍታ ለመለካት ደግሞ ተቀምጠው ተረከዝዎን ታችኛው ፔዳል ላይ ያሳርፉ፤ እግርዎ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ልኩ ነው፤ በተለመደው አነዳድ በእግር ጣቶች መሠረት ሲረግጡ ጉልበትዎ በጥቂቱ ይታጠፋል። ብዙ ሰው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ በመንዳቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉልበቱን ያመዋል።

ፔዳሎቹንም ይመልከቱ። የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ የግራው ግን የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሊያጠብቅ ሲታገል ይፈታዋል፤ በግድ ከገባም ጥርሱ ይበላል። እኔ በተከራየሁት ብስክሌት ላይ የግራው ፔዳል በግድ ገብቶ ስለነበር ሐይቁ ዳር ወለቀና በአንድ እግር እየገፋሁ ተመለስኩ። ከጎኔ የሚሮጡት ሕፃናት እጅግ ተደስተው ነበር።

ለመነሻነት የሚመረጠው ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ነው። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን ሰፊ ጎዳና እስከ መጨረሻው ተከትሎ መሄድ ብቻ ይበቃል፤ ጎዳናው ሲያልቅ ውኃው ፊት ለፊት ይታያል። ከዚህ ጀምሮ በሐይቁና በከተማዋ መካከል የተዘረጋው ግድብ ለምን እንደተሠራ ማወቅ መንገዱን ለመረዳት ይጠቅማል። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባው ውኃ የሚጎድለው በአብዛኛው በትነት ስለሆነ፣ ዝናብ በበዛባቸው ተከታታይ ዓመታት ሐይቁ ከፍ እያለ ወደ ቤቶቹ ይጠጋል። ግድቡ የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው፤ ለብስክሌተኛም ከፍ ያለ፣ መኪና የማይበዛበት መሄጃ ሆኖለታል። በውኃው ጠርዝ ያሉት መንገዶች ግን እንደ ሐይቁ ከፍታ ይለዋወጣሉ፤ አምና የነዱበት ዘንድሮ ውኃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር ምንጊዜም ግድቡን መያዝ ይሻላል።

ከፍቅር ሐይቅ ወደ ደቡብ፣ ሐይቁን በቀኝ አድርገው ሲነዱ፣ የዓሣ ገበያው ያለበት አሞራ ገደል ይደርሳሉ። ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ሆኖም የጉዞው ምርጥ ክፍል ስለሆነ መቸኮል አያስፈልግም። በዋርካና በሾላ ዛፎች ላይ ጉሬዛዎች ይዘላሉ፤ በደንገሉ መካከል ዓሣ አዳኝ ወፎች ሾልከው ይወጣሉ፤ ጀልባዎች ሌሊት የተጣለውን መረብ ይዘው የሚመለሱትም በማለዳ ነው። ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ በየዓይነቱ ተለይቶ ሲሸጥ፣ ቁመታቸው ከሕፃን የሚበልጥ አባ ኮዳ የሚባሉ ወፎች የሚጣልላቸውን የዓሣ አንጀት እየጠበቁ በሰው መካከል ይንጎራደዳሉ። እዚህ ከብስክሌት ወርዶ መግፋት ግዴታ ነው። መሬቱ በዓሣ ቅርፊትና በውኃ ያሟልጫል፤ ሰዉም በሥራ ላይ ነው። ዝንጀሮ መሳዮቹ ጦጣዎች ደግሞ ከብስክሌት መሪ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ምግብ እንደሆነ ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ስንቅን ቦርሳ ውስጥ መቆለፍ ይበጃል። ከዓሣ ገበያው አጠገብ የታቦር ኮረብታ ይነሣል፤ ሐይቁን ከላይ ማየት የፈለገ ብስክሌቱን ለሚታመን ሰው አደራ ሰጥቶ በእግሩ ይውጣ።

ሁለተኛው ክፍል ወደ ሰሜን፣ ወደ ጥቁር ውኃ ነው። ጥቁር ውኃ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚፈስ ብቸኛው ወንዝ ሲሆን፣ የሚነሣው ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ካለው የጨለለቃ ረግረግ ነው። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች መጀመሪያ ወደዚህ ረግረግ ይገባሉ። ጨለለቃ ቀደም ሲል ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር፤ ከተራሮቹ ታጥቦ የሚወርደው አፈር ሞልቶት ዛሬ ከብት የሚግጥበት የሣርና የፊላ መስክ ሆኗል። ወንዙን አይቶ የሚመለስ ሰው ይህን ካወቀ፣ ውኃው ለምን ዝግ ብሎና ጠቆር ብሎ እንደሚፈስ ይገባዋል።

በካርታ ላይ ሲታይ ከፍቅር ሐይቅ እስከ ወንዙ አፍ ድረስ ዳር ዳሩን መሄድ የሚቻል ይመስላል። አይቻልም። ወንዙ ከሐይቁ የሚገናኝበት ቦታ ደንገልና ረግረግ ነው፤ ለጉማሬም የተመቸ ነው። ስለዚህ ግድቡንና የሐይቅ ዳሩን መንገድ መሄድ እስከተቻለበት ድረስ ከተከተሉ በኋላ ወደ አዲስ አበባው አስፋልት መውጣትና እስከ ጥቁር ውኃ ድልድይ ድረስ ቀኝ ጠርዝ ይዞ መንዳት የግድ ነው። ከዚህ ጉዞ ሁሉ መኪና የሚበዛበት ይህ ክፍል ብቻ ነው። ከሻሸመኔ የሚመጡትና ወደዚያ የሚሄዱት አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች በዚሁ ያልፋሉ፤ ስለዚህ ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ መልበስ፣ ጎን ለጎን ሳይሆን ተከታትሎ መንዳት፣ የጆሮ ማዳመጫም ማውለቅ ያስፈልጋል። ሕፃናት አብረው ካሉ ይህን ክፍል በእኔ ግምት ጨርሶ መተው ይሻላል፤ የደቡቡን ክፍል ሁለት ጊዜ ቢመላለሱበት የሚቀርባቸው ነገር የለም።

ከድልድዩ አካባቢ ወደ ረግረጉ አቅጣጫ የሚገቡት የአፈር መንገዶች የእግረኛና የከብት መንገዶች ናቸው። ሰላምታ ሳይሰጡ በሰው ማሳና ደጅ ማለፍ ነውር መሆኑን ማንም ያውቃል፤ አዛውንት ሲያገኙ ፍጥነት ቀንሶ «እንዴት አደሩ አባባ» ማለት መንገድ ለመጠየቅም በር ይከፍታል። የከብት መንጋ ከፊት ሲመጣ መውረድና ዳር ይዞ መቆም ነው፤ የደወል ድምፅ ጥጃውን ያስደነብራል፣ የደነበረ ጥጃም የት እንደሚሮጥ አይታወቅም። በክረምትና በበልግ ግን ወደዚህ አለመግባት ይመረጣል። የረግረግ ዳር ጭቃ ጎማውንና ፍሬኑን አንድ ላይ ስለሚያጣብቅ ብስክሌቱን መሸከም ይመጣል። ለዚህ ክፍል የሚስማማው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፤ መሬቱ ደርቋል፣ ሣሩ ግን ገና አልቃጠለም።

በሐይቁ ዳር የግራር እሾህ ስለሚበዛ ጎማ መበሳቱ አይቀርም። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ትንሽ ፖምፓ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ መያዝ ግድ ነው። ከተበሳ በኋላ ሰዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፤ የውስጡን ጎማ አውጥተው ይለጥፋሉ፣ እሾሁን ግን የውጭው ጎማ ውስጥ እንደተሰካ ይተዉታል፤ ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄዱም እንደገና ይተነፍሳል። ስለዚህ የውጭውን ጎማ ከውስጥ በኩል በጣት ቀስ ብሎ መዳሰስና እሾሁን ነቅሎ መጣል ይቅደም። ማስቲሹም ተቀብቶ ወዲያው አይለጠፍበትም፤ እስኪደርቅና ሲነኩት እርጥበቱ እስኪጠፋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ አለበት። ይህ ሁሉ ካልሆነ ወደ ከተማው ገፍቶ መሄድና ጎሚስታ መፈለግ ነው።

ጭቃ የነካውን እግር ወይም ብስክሌት በሐይቁ ውኃ መታጠብ ቢያምርም አይደረግ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ጥገኛ ተሕዋሲው ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ውኃ በነካ ቆዳ በኩል ይገባል። የመጠጥ ውኃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ይያዝ። ማምሻ ላይ ትንኝ ስለሚበዛ ዘግይቶ የሚመለስ ረጅም እጅጌ ይልበስ።

ቀን ሲመረጥ የበዓላትን መቁጠሪያ ማየት ይገባል። እሑድ ረፋዱ ላይ የሐይቁ ዳር በቤተሰብና በፎቶ አንሺ ይሞላል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የገብርኤል በዓል ስለሆነ ከአደባባዩ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ጎዳና ብስክሌት ማሳለፍ አይታሰብም። በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት በ2008 ዓ.ም. የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ደግሞ አያንቱዎች የሚባሉት የሲዳማ የዘመን አቆጣጠር አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው የሚወስኑት በመሆኑ ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ በዚያን ጊዜ በሐይቁ ዳር ያለው የበዓሉ ማክበሪያ ስፍራ ጉዱማሌ በሕዝብ ይጥለቀለቃል። በዚህ ቀን ብስክሌቱን ቤት አስቀምጦ በእግር መሄድ ነው።

ከጉዞ መልስ ወደ አሞራ ገደል ጎራ ብሎ የተጠበሰ ቆሮሶ በአዋዜ መብላት የተለመደ ነው፤ የዓሣ ሾርባውም አይናቅ። ጥሬ ዓሣ የሚቀርብበት ቦታም አለ፤ እኔ ግን የበሰለውን እመርጣለሁ። ብስክሌቱ የተከራዩት ካልሆነ ደግሞ ከመቀመጥዎ በፊት ሰንሰለቱን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉና በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ ዘይት ጨምረው ትርፉን ይጥረጉ፤ ዘይት የበዛበት ሰንሰለት የግድቡን አቧራ ሰብስቦ በማግስቱ መንጫጫት ይጀምራል።