ስለ ሃሎዊን አስፈሪ ፊልሞች ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጥቅምት ሲገባ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ቤቴ ቅዳሜ ማታ ትሞላለች። ስምንት ዘጠኝ ሆነን አስፈሪ ፊልም እናያለን። ሃሎዊን ኦክቶበር 31 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ዓመት ጥቅምት 21፣ ማርያም ላይ ይውላል። ስለዚህ ጠዋት ማርያምን ተሳልመው ማታ ፊልም ሊያዩ የሚመጡ አሉ። ጽጌን የሚጾሙም ስላሉ ጠረጴዛው ላይ ፈንዲሻና ቆሎ ብቻ ነው የሚቀርበው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ያለው ጨዋታ ለእኔ ከፊልሙ እኩል ነው፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ያንን ጨዋታ የሚገድሉት ግን በየዓመቱ ያው ተመሳሳይ ስህተቶች ናቸው። ዘንድሮ ከመሰብሰባችን በፊት ልጻፋቸው ብዬ ነው።

«ኧረ ምኑም አያስፈራም!»

የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። የተዋንያኑ ስም ገና እየወረደ፣ መብራት እንኳ ሳይበራ፣ አንዱ ከሶፋው ይነሳና «ኧረ ምኑም አያስፈራም!» ይላል። ከዚያ በኋላ ጨዋታ የለም። የፈራ ሰው መፍራቱን መናገር ያፍራል፤ ያልፈራውም ለምን እንዳልፈራ የሚጠይቀው የለም። አንድ ሰዓት ተኩል አብረን ያየነው ነገር በሦስት ቃል ተቆልፎ ቀረ ማለት ነው።

ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ የተሸፈነ፣ አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠባብቀን የምንቀመጥበት። አስፈሪ ካሴት የገባ ቀን ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እርስ በርስ ነበር የምንተያየው። ዓይኑን የሸፈነ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ «ፈሪ» ሲባል ይከርማል። ስለዚህ ሁላችንም መሳቅን ለመድን። እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ፤ ሌሊት ግን ወደ ግቢው ጥግ መውጣት ሲኖርብኝ ታናሽ እህቴን ቀስቅሼ ነበር የምወጣው። ያን ሳቅ ይዘን ነው ያደግነው፣ ይዘነውም ነው ባሕር የተሻገርነው።

ስለ አስፈሪ ፊልም የሚሰጥ አስተያየት ምስክርነት ነው። ምስክር ደግሞ የት ቆሞ ምን እንዳየ ይናገራል። ፈርታችሁ ከሆነ የቱ ጋ? ካልፈራችሁስ ፊልሙ የቱ ጋ ለቀቃችሁ? አንድ ጊዜ የ1978ቱን «ሃሎዊን» አይተን ስንጨርስ ያው የተለመደው «አያስፈራም» መጣ። አንዲት ልጅ ግን ዝም ካለች በኋላ «እኔ የፈራሁት ቀን ላይ ነው» አለች። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሎሪ ከጓደኛዋ ጋር ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ነጭ ጭንብል ያጠለቀ ሰው ከፊታቸው ባለው ቁጥቋጦ ዳር ቆሞ ያያታል፤ ከዚያ ከጥሻው ኋላ ይሰወራል። ጓደኛዋ ሄዳ ስታይ ማንም የለም። ደም የለም፣ ጩኸት የለም፣ ፀሐይ ወጥቷል። ይህቺ ልጅ ሌሊት ከሥራ ወጥታ ከሜትሮ ጣቢያ እስከ ቤቷ በእግሯ ነው የምትሄደው። «ያስፈራኝ ሰውዬው አይደለም፤ ጓደኛዋ አለማመኗ ነው» አለችን። ያን ምሽት እስከ ስምንት ሰዓት አወራን። ያን ፊልም ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያንን ግን አላየሁም ነበር።

እባካችሁ፣ በተለይ አዲስ የምትመጡ ልጆች፣ መፍራታችሁን አትደብቁ። የምትሰጡት ምርጡ ነገር እሱ ነው።

ድምፁን ቀንሶ አይቶ መፍረድ

ልጆች ተኝተዋል ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በስልክ፣ አውቶቡስ ላይ፣ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ካየ በኋላ «አልያዘኝም» የሚል ሰው አለ። እንዴት ይያዝህ?

የ«ሃሎዊን» ዳይሬክተር ጆን ካርፔንተር ራሱ የተናገረው ነገር አለ። ፊልሙን ኤዲት አድርጎ ከጨረሰ በኋላ፣ ሙዚቃና የድምፅ ማጀቢያ ሳይገባበት፣ ለአንዲት የፊልም ኩባንያ ኃላፊ ያሳያታል። ምንም አልፈራችም። እሱም ፊልሙን በሙዚቃ አድነዋለሁ ብሎ ተነሳ፤ ሙዚቃውንም ራሱ ሠራው። በኋላ ያቺው ሴት ፊልሙን ወደደችው። የተጨመረው ሙዚቃው ብቻ ነበር።

ያ የፒያኖ ዜማ በአምስት ምት ነው የሚሄደው። እኛ ጆሯችን ጭክጭካ የለመደ ሰዎች ይበልጥ ይሰማናል፤ ምቱን ተከትለህ ትከሻህን ልታሳርፍ ስትል ማረፊያው ቦታው ላይ የለም። ሰውዬው ገና ሳይታይ ሰውነትህ ያልተረጋጋው ለዚህ ነው። ይህንን ድምፅ ዘግቶ ማየት ወጡን ትቶ እንጀራውን ብቻ በልቶ ምግቡ አይጣፍጥም እንደማለት ነው።

ደም መቁጠር

ብዙ ደም ማለት ብዙ ፍርሃት አይደለም። የ1960ው «ሳይኮ» ላይ በሻወሩ ውኃ ታጥቦ የሚወርደው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ስለተቀረጸ ማንም አይለይም።

ስህተት ለቀማ

እያዩ እያለ «ዛፉን እዩት፣ አረንጓዴ ነው!» የሚሉ አሉ። አዎ፣ አረንጓዴ ነው። «ሃሎዊን» ኢሊኖይ ውስጥ በጥቅምት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የሆነ ታሪክ ይተርካል እንጂ የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ውስጥ በፀደይ ነው። በጀቱ ከ300,000 ዶላር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ቅጠል ቡናማ ቀለም ቀብተው መንገዱ ላይ ይበትናሉ፤ ቀረጻው ሲያልቅ ለቅመው በከረጢት ይከታሉ፤ ለሚቀጥለው ትዕይንት ደግሞ ያንኑ ቅጠል ይበትናሉ። የገዳዩ ጭንብል ከሱቅ የተገዛ የ«ስታር ትሬክ»ቱ ገጸ ባሕርይ የካፒቴን ኪርክ ጭንብል ነው፤ ቅንድቡን ነቅለው፣ የዓይኑን ቀዳዳ አስፍተው፣ ነጭ ቀለም ነፉበት። እኔ ይህንን ካወቅኩ ወዲህ አረንጓዴውን ዛፍ ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ተንበርክኮ ቅጠል የሚለቅመው ሰው ነው። ስህተቱን ማየት ቀላል ነው። ባዶ እጃቸውን ሆነው ምን እንደሠሩ ማየት ነው ቁም ነገሩ።

«የድሮ ነው» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» በ1968 ወጣ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት ዓመት። ዋናው ተዋናይ ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ከተሸሸጉት ሁሉ ሰከን ብሎ የሚያስበው እሱ ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም። የቅጂ መብት ማስታወቂያው ርዕሱ ሲቀየር አብሮ ስለወደቀ ፊልሙ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ በነፃ አይታችሁ መጨረሻው ላይ በዚያ ዓመት ሲኒማ ቤት ውስጥ የተቀመጠውን ጥቁር ተመልካች አስቡት። ከዚያ በኋላ «የድሮ ነው» የምትሉ ከሆነ እንነጋገራለን።

መጨረሻውን መናገር

አትናገሩ።

በአሥር ደቂቃ ተተርኮ ያዳመጣችሁትንም ፊልም «አይቼዋለሁ» አትበሉ፤ የሰማችሁት ታሪኩን ነው፣ አስፈሪ ፊልም ውስጥ ደግሞ ከታሪኩ ይልቅ መጠበቁ ነው የሚበልጠው።

«እውነተኛ ታሪክ ነው አሉ»

ይህንን እኔም ሠርቻለሁ። የ1999ኙን «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ለመጀመሪያ ጊዜ ለጓደኞቼ ሳሳይ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ በእውነት የጠፉ ልጆች የቀረጹት ነው ብዬ ነበር፤ እኔም እንዲሁ ስለተነገረኝ። ጠንቋይዋም አፈ ታሪኳም የፊልም ሠሪዎቹ ፈጠራ ናቸው። ታሪኩ ተፈጸመባት የተባለችው ቡርኪትስቪል ግን እውነተኛ ትንሽ ከተማ ናት። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ከተማዋን የሚያጥለቀልቋት ሰዎች መግቢያዋ ላይ ያለውን ምልክት ነቅለው እስከ መስረቅ ደረሱ። በሰላም ለሚኖሩ ሰዎች ይህ ጉዳት ነው፤ የጀመረውም እንደ እኔ ሳያጣሩ ከሚያወሩ ሰዎች ነው።

የሚገርመው፣ እውነተኛው ነገር ከውሸቱ ይበልጣል። አብዛኛው ጫካ የተቀረጸው እኛ ባለንበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሴኔካ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ነው። ሦስቱ ተዋንያን ካሜራውን ራሳቸው ነው የያዙት፤ ንግግራቸውን በአብዛኛው እዚያው ፈጥረው ነው የሚናገሩት፤ የቀኑን መመሪያ ለየብቻቸው በወረቀት ይተዉላቸዋል፤ ምግባቸውንም በየቀኑ ይቀንሱባቸዋል። የምታዩት መነጫነጭ የራበውና የደከመው ሰው መነጫነጭ ነው። አንድ ኅዳር ላይ በዚያ ፓርክ ስንሄድ አመሸን፤ መንገዱ ጠፍቶን ሳይሆን ብርሃኑ ቶሎ ስለሄደ። ዛፎቹ ሁሉ አንድ መሰሉ። ማንም አልተናገረም፤ የሚሰማው የረገጥነው ቅጠል ብቻ ነበር። ቤት ስንደርስ ፊልሙን እንደገና ከፈትነው። በመጀመሪያው ጊዜ «ካሜራው ይንቀጠቀጣል» ብሎ የተወው ጓደኛዬ ያን ማታ ቃሉን ቀየረ።

ቃልን መቀየርም ነውር የለበትም። የካርፔንተር «ዘ ቲንግ» በ1982 ሲወጣ ተቺዎች አብጠለጠሉት፤ ዛሬ ከምርጦቹ ተርታ ይቆጠራል። ፊልሙ ያው ነው።

ሳያዩ «የሰይጣን ፊልም ነው» ማለት

እዚህ ላይ መጠንቀቅ እፈልጋለሁ። በእምነቱ ምክንያት «እኔ አላይም» ያለን ሰው ማንም ሊያሾፍበት አይገባም፤ ቤቴ ውስጥ እንዲህ ሲደረግ ዝም ብዬ አላልፍም። ሳያዩ መፍረድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሰይጣን ስለያዛት ልጅና ስለ እናቷ የሚተርከው የ1973ቱ «ዘ ኤክሶርሲስት» የእኛው ከተማ ፊልም ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጅታውን ውስጥ፣ ኤም ስትሪት ላይ የሚወርደው የፊልሙ ጠባብ ደረጃ 75 እርከን አለው፤ ላዩ ላይ ስትቆሙ ታችኛው መንገድ ከእግራችሁ ሥር የተቆረጠ ይመስላል። የልጅቷ ቤት ሆኖ የተቀረጸው ትክክለኛ ቤት ከደረጃው ስለሚርቅ ለቀረጻው የውሸት ግድግዳ ቀጥለው አስጠጉት። የልጅቷ መኝታ ክፍል ደግሞ በትልልቅ ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ ስለነበር ከካህናቱ አፍ የሚወጣው ጭስ እውነተኛ ትንፋሽ ነው።

አንድ ዓመት ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ትልቅ ሰው አብረውን አዩት። ጠበል ቦታ ብዙ ነገር ያዩ ሰው ናቸው፤ ይቆጣሉ ብለን ፈርተን ነበር። ሲያልቅ ትንሽ ዝም ብለው «ልጆቼ፣ ይሄ እኮ የእናት ፊልም ነው» አሉ። «ሐኪም ቤት ስታንከራትታት አላያችሁም? መርፌ፣ ማሽን፣ እንደገና መርፌ። ካህን ዘንድ የመጣችው እኮ በር ሁሉ ሲዘጋባት ነው። ጠበል ቦታ የማያቸው እናቶች እንደዚሁ ናቸው።» እውነታቸውን ነው። የፊልሙ ረጅም ክፍል ምርመራ ነው፤ ከሰይጣኑ በፊት የሚያስጨንቀውም ያ የአንገት መርፌ ነው። እኛ ግን የሚሽከረከረውን ጭንቅላት ብቻ ነበር የምናወራው።

ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ አለመጠየቅ

ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ዛሬም ይከነክነኛል። «ሄሬዲተሪ»ን ያሳየሁ ጊዜ ከመካከላችን አንዷ እናቷን ቀብራ ከአገር ቤት ከተመለሰች ገና ሦስት ወሯ ነበር። ፊልሙ የሚጀምረው በአያት የሞት ማስታወቂያና በቀብር ነው። አውቄው ነበር፤ አላሰብኩትም። እኩሌታው ሳይደርስ ተነሥታ ኮቷን ለበሰች። በር ላይ «ምንም አይደለም፣ ደክሞኝ ነው» አለችኝ። እኔም ተመልሼ ገብቼ ሁሉም ሲያወራ ስለ ትወናው አስተያየት ሰጠሁ።

ከዚያ ወዲህ ገና ፊልሙን ሳልመርጥ እደውላለሁ። ማን ይመጣል፣ ማን ነፍሰ ጡር ነው፣ ማን ሐዘን ላይ ነው፣ ማን ነው ልጁ ሆስፒታል የተኛበት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በዓመቱ እሷው ደወለችልኝና «እስቲ ያን ፊልም እንየው፣ ሁለታችን ብቻ» አለች። ቀን ላይ፣ መጋረጃውን ከፍተን አየነው። የፊልሙ እናት የራሷን ቤት በትንሹ እየሠራች፣ ክፍሉን፣ አልጋውን፣ ወንበሩን በጣቷ የምታስቀምጥበት ቦታ ሲደርስ አቁሚው አለችኝ። አቆምኩት። «አገር ቤት ገብቼ የእማዬን መኝታ ቤት ስከፍት እንደዚህ ነበር የታየኝ» አለች። «ሁሉ ነገር ቦታው ላይ ነው፤ ግን ትንሽ ነው። ነጠላዋም በር ላይ እንደተሰቀለ ነበር።» ቡና አፈላሁ፤ ፊልሙን የቀጠልነው ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ ነው።