ከአንድ ወረቀት ስምንት ገጽ፦ የፓንክ ሴቶች ያባዙትን ዓይነት ዚን እንዴት እንሠራለን?

ዚን ማለት አንድ ሰው ወይም ጥቂት ጓደኛሞች ራሳቸው ጽፈው፣ ቆርጠው ለጥፈው፣ በፎቶ ኮፒ አባዝተው ከእጅ ወደ እጅ የሚያድሉት ትንሽ መጽሔት ነው። አሳታሚም ሆነ ማስታወቂያ የለውም። በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሊምፒያ ከተማና በዋሽንግተን ዲሲ የተነሱት «ራዮት ገርርል» የተባሉ ወጣት የፓንክ (ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ) ሴቶች የተሰባሰቡት በዚህ ወረቀት ዙሪያ ነው። «ገርል» የሚለውን ቃል ሆን ብለው በ«ር» ያስረዘሙት እንዲያጉረመርም ነው።

የፓንክ ኮንሰርት ፊተኛው ቦታ ወንዶች የሚጋፉበት ነበር፤ ሴቶች እየተገፉ ከኋላ ይቀራሉ። ቢኪኒ ኪል የተባለው የራዮት ገርርል ባንድ ዘፋኝ ካትሊን ሃና «ሴቶች ወደ ፊት!» እያለች መንገድ ታስከፍት፣ የዘፈኑን ግጥምም በወረቀት ታድላቸው ነበር። ዚን ለእኔ ያው ፊተኛው ቦታ ነው። ማንም አይገፋችሁም።

የሚያስፈልገው ሁለት ኤ ፎር ወረቀት፣ መቀስ፣ ኮላ፣ ጥቁር እስክሪብቶና የፎቶ ኮፒ ዋጋ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ወረቀት ሞዴል ሥሩ። ረጅሙን ጠርዝ ከረጅሙ ጋር ገጥማችሁ እጠፉና ዘርጉት። ከዚያ አጭሩን ከአጭሩ ጋር ገጥማችሁ እጠፉ፣ ሳትዘረጉ በዚያው አቅጣጫ ድገሙት። ሲዘረጋ ከላይ አራት፣ ከታች አራት ሳጥን ታገኛላችሁ። አሁን አጭሩን ከአጭሩ ጋር አንዴ ብቻ አጥፋችሁ፣ ከታጠፈው በኩል ጀምራችሁ በመሐለኛው መስመር እስከ ቀጣዩ እጥፋት ድረስ ቁረጡ። ከዚያ በላይ እንዳታልፉ፤ እስከ ጠርዙ ከደረሳችሁ ወረቀቱ ለሁለት ይለያል። ዘርግታችሁ በረጅሙ እጠፉትና ሁለቱን ጫፎች ወደ መሐል ግፉ፤ ስንጥቁ ተከፍቶ የመስቀል ቅርጽ ይወጣዋል። ገጾቹን ወደ አንድ ጎን ስታስተኟቸው ትንሽ መጽሐፍ በእጃችሁ አለ።

ከሽፋኑ ጀምራችሁ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ስጡና መልሳችሁ ዘርጉት። አራቱ ቁጥሮች ተዘቅዝቀው ታገኟቸዋላችሁ፤ ትክክል ነው። ሁለተኛውን ወረቀት ሳትቆርጡ አጥፋችሁ ዘርጉና በዚሁ አቀማመጥ ሙሉት፤ ዋናው ቅጂ እሱ ነው።

ምን ይጻፍ? ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ስለ ሴቶች መብት» ብላችሁ አትጀምሩ። ታክሲ ውስጥ የተባላችሁትን፣ ጊታር ስታነሱ የታያችሁበትን ዓይን፣ ለማንም ያልነገራችሁትን አንድ ምሽት ጻፉ። የቢኪኒ ኪል ከበሮ መቺ ቶቢ ቬይል «ጂግሶ» የሚል ዚን ነበራት፤ የብራትሞቢል ባንድ አባላት አሊሰን ዎልፍና ሞሊ ኑማን ደግሞ «ገርል ጀርምስ»ን ያዘጋጁ ነበር። የራዮት ገርርል ማኒፌስቶም (የአቋም መግለጫ) በ1991 የወጣው በሌላ ቦታ ሳይሆን በቢኪኒ ኪል ዚን ሁለተኛ እትም ላይ ነው። የፊደል ስህተት ቢኖር ሰርዛችሁ ቀጥሉ። የሌላ ሴት ታሪክ ከሆነ ግን ሳታስፈቅዱ ስሟን አታስገቡ።

አንድ ገጽ ከእናንተ የተለየ ሕይወት ላላት ሴት ስጡ። ይህን የምለው እንቅስቃሴው ራሱ የነጭ ሴቶችን ድምፅ ብቻ ያጎላል ተብሎ በጽኑ ስለተተቸ ነው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ሚሚ ቲ ንዌን ነጭ ያልሆኑ ፓንኮችን ጽሑፍ በአንድ ዚን ሰብስባ አውጥታለች። ከእነሱ ሁሉ በፊት፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ኤክስ ሬይ ስፔክስ የተባለውን የፓንክ ባንድ ያቋቋመችው ዘፋኝ ፖሊ ስታይሪን አባቷ ሶማሌ ነበር። ጥርሷ ላይ ብረት አስራ፣ ለማንም ሳታጎበድድ መድረክ ላይ ስትጮህ ሳያት፣ ፓንክ ከእኛ ሩቅ ነው ማለት ያቅተኛል።

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ጽሑፉን በጥቁር አድምቁ። እኔ የመጀመሪያዬን በእርሳስ ጽፌ ግማሹ ሳይነበብ ወጣ። ማሽኑ ዳር ዳሩን ስለሚበላም በየጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ። ፎቶ የምትለጥፉ ከሆነ ለብቻው ኮፒ አስደርጋችሁ ኮፒውን ለጥፉ፤ ጥላው ምን ያህል እንደሚጠቁር አስቀድማችሁ ታያላችሁ። ከኋላ ወርና ዓመት ጻፉ። የእነዚያ የራዮት ገርርል ልጆች ወረቀቶች ዛሬ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበው ተቀምጠዋል፤ የእናንተም ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

ለመጀመሪያው አሥር ኮፒ ይበቃል። ራዮት ገርርሎች ጋዜጦች ነገራቸውን ሲያዛቡባቸው ቃለ መጠይቅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ ዚኑ ግን በኮንሰርትና በፖስታ መዞሩን አላቆመም። እናንተም ለእህታችሁ፣ ለክፍል ጓደኛችሁ፣ ፀጉር ቤት ለምታገኟት ልጅ በእጅ ስጡ፤ አንብባ ለሌላ እንድታሳልፍም ንገሯት። ዋናውን ቅጂ ግን ለማንም አትስጡ፤ አሥሩ ሲያልቅ የሚባዛው ከእሱ ነው።