ባክአፕ እምቢ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ባሕር ዳር ውስጥ የጽሕፈት ቤት፣ ፎቶ ቤት ወይም ትንሽ ቢሮ ካላችሁ፣ ኮምፒውተሮቻችሁ ላይ የሰው አደራ አለ። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍና የጥር ሠርግ ቪዲዮ አንዴ ከጠፉ በገንዘብ አይተኩም። ፋይሎቹን በኔትወርክ ወደ አንድ ሰርቨር (የሁሉንም ፋይል ወደሚያስቀምጥ ኮምፒውተር) መገልበጥ፣ ማለትም ባክአፕ መውሰድ፣ ጥሩ መላ ነው። ችግር ሲገጥማችሁ ግን ምልክቱን አይታችሁ ተነሡ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ አይገኝም

ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ምንም አልሆነም። ኔትወርኩን የሚመራው ራውተር ጠፍቶ ሲነሣ ሌላ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ የሚገኝበትን ቁጥር) ሰጥቶታል። ኮምፒውተሮቹ አሁንም በድሮው አድራሻ ይፈልጉታል። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለሰርቨሩ ቋሚ አድራሻ ያዙለት። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲበዛ መብራቱ ይመላለሳል፤ ስለዚህ ራውተሩንና ኬብሎቹ የሚገናኙበትን ስዊችም ከዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ከሚያቆየው መሣሪያ) ጋር አገናኙ።

ባክአፑ በሰዓቱ አይነሣም

መጀመሪያ የሰዓት አቆጣጠሩን እዩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዲሠራ ፈልጋችሁ 02:00 ብላችሁ ከሞላችሁ፣ ኮምፒውተሩ የሚረዳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብሎ ነው። በዚያ ሰዓት ቤቱ ተዘግቷል፣ ኮምፒውተሩም ጠፍቷል። ትክክለኛው 20:00 ነው። እኔ ግን የምሳ ሰዓትን እመርጣለሁ፤ ሰው አለ፣ ማሽኑም በርቷል። ያመለጠ ቀጠሮ ካለ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ እንዲሠራ የሚያደርገውን ምርጫም አብሩት።

የሞላችሁት ሰዓት ትክክል ሆኖ የኮምፒውተሩ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ከተመለሰስ? የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ አልቋል። ብዙ የባክአፕ ፕሮግራሞች አዲሱን ፋይል ከአሮጌው የሚለዩት በቀኑ ነው። የዛሬ ሥራችሁን የድሮ መስሏቸው ሊያልፉት ይችላሉ። ባትሪውን ቀይሩ፣ ቀኑንም አስተካክሉ።

«ተጠናቋል» ይላል፣ ጥቂት ፋይሎች ግን የሉም

የጎደሉት ረጅም የአማርኛ ስም ያላቸው ናቸው? ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩት በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው። እዚያ የአንድ ፋይል ስም አብዛኛውን ጊዜ ከ255 ባይት መብለጥ አይችልም። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ይይዛል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3። ስለዚህ ለእኛ ያለው ቦታ 85 ፊደል ገደማ ነው። ዊንዶውስ በፊደል ስለሚቆጥር ያንኑ ስም ያለ ችግር ይቀበላል፤ ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ይወድቃል። የመመረቂያ ጽሑፍን ሙሉ ርዕስ የፋይል ስም ስታደርጉ ደግሞ 85 ቶሎ ይሞላል። የተማሪው ስምና ዓመቱ ይበቃል፤ ርዕሱ ሰነዱ ውስጥ አለ። በአማርኛ መሰየማችሁን ግን አትተዉ፣ ማሳጠር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ቪዲዮ 4 ጊጋባይት ላይ ይቆማል፣ ወይም እጅግ ይዘገያል

ከቆመ፣ የሚገለበጥበት ዲስክ ከዚያ የሚበልጥ ፋይል በማይቀበለው የድሮ አደረጃጀት፣ በፋት 32 ፎርማት ተደርጓል። ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጡና በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት። ከዘገየ ኬብሉን እዩ፤ 8ቱም ሽቦዎች ካልተገናኙ ፍጥነቱ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። ያኔ 100 ጊጋባይት ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል።

የሚመለሰው ራሱ የተበላሸ ፋይል ነው

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ፕሮግራሙ ፎልደሩን እንዳለ ብቻ የሚገለብጥ ከሆነ፣ ዛሬ የተበላሸው ፋይል ማታ በደህናው ላይ ይጻፋል። በስህተት የጠፋውም ከሰርቨሩ ይጠፋል። ቫይረስ ፋይሎቹን ከቆለፈም እንዲሁ ነው። ሰርቨሩ የቆዩ ቅጂዎችን ለጥቂት ሳምንታት እንዲያቆይ አድርጉ። ሌላ ቅጂ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጡና ነቅላችሁ ሌላ ቤት አስቀምጡ።

ፋይል ስትመልሱ በዋናው ላይ አትጻፉ፤ ሌላ ፎልደር ከፍታችሁ እዚያ አውርዱት። ሙከራውንም አደጋ እስኪመጣ አትጠብቁ። በየወሩ ጥቂት ፋይሎች መልሱና ክፈቷቸው። አንዱ እንኳ ካልተከፈተ፣ ዋናዎቹ ገና በእጃችሁ ሳሉ ባክአፑን ከዜሮ ውሰዱ።