ውሃው ፈላ፣ ቅይጡ አልቀለጠም፦ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን በፈሳሽ ውስጥ ሲገጥሙ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጥቃቅን ክፍሎችን በወረንጦ አንድ በአንድ ከመደርደር ይልቅ ፈሳሽ ውስጥ በትኖ ቦታቸውን ራሳቸው እንዲይዙ ማድረግ ይቻላል። ክፍሎቹ የሚገጠሙበት ሰሌዳ መዳብ በቀላሉ በሚቀልጥ የብረታ ብረት ቅይጥ ይለበጣል። በትኩስ ፈሳሽ ውስጥ ሲወዛወዝ የክፍሉ መዳብ የቀለጠውን ቅይጥ ይነካና ይያዛል፤ የቅይጡ የገጽ ውጥረትም ክፍሉን ስቦ ያስተካክለዋል። ጎንደር ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ስንሠራ ያጋጠመንን ልንገራችሁ።

ውሃው ይንተከተካል፣ ቅይጡ አይቀልጥም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ከቢስሙዝ፣ ከእርሳስና ከቆርቆሮ የተሠራው የሮዝ ቅይጥ የሚቀልጠው ከ94 እስከ 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። «በፈላ ውሃ ይቀልጣል» የሚባለው ምጽዋ ላይ እውነት ነው። ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እሳቱን ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ቴርሞሜትሩ 93 ላይ ቆመ ብላችሁ አትጣሉት፤ ትክክል ነው። ጨውም አያዋጣም፤ በሊትር 58 ግራም ቢጨመር የሚገኘው 1 ዲግሪ ያህል ነው፣ መዳቡንም ይጎዳል።

ከመድኃኒት ቤት ግሊሰሪን ግዙ። ሁለት እጅ ግሊሰሪን ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል እዚህም ሳይፈላ 100 ዲግሪን ያልፋል። ሌላው አማራጭ በ62 ዲግሪ የሚቀልጠው የፊልድ ቅይጥ ነው። ኢንዲየም ስላለበት ውድ ነው፤ እርሳስ ስለሌለበት ግን ለልጆች እጅ እርሱን እመርጣለሁ። የሮዝ ቅይጥ የቀለጠበት ድስት ዳግመኛ ለምግብ አይዋል።

ቅይጡ ቀልጧል፣ ክፍሎቹ ግን ነክተውት ያልፋሉ። ገጹ ኦክሳይድ (ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚይዘውን ሽፋን) ለብሷል። መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፤ ፈሳሹ ላይ ጥቂት ሲትሪክ አሲድ ጨምሩ።

ክፍሎቹ ይንሳፈፋሉ። ሲሊከን ከውሃ ከሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ክፍሉ በጣም ትንሽ ሲሆን ግን ክብደቱ የውሃውን ገጽ መብሳት ያቅተዋል። ከእሳት ርቃችሁ በአልኮል አርጥቧቸውና ፈሳሹ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ከገጹ በታች ልቀቋቸው።

ተጣብቀዋል፣ ግን ጠማማ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ቅይጡ በዝቷል ወይም የሰሌዳው መዳብ ከክፍሉ ይሰፋል፤ የሰሌዳውንና የክፍሉን መዳብ ስፋት እኩል አድርጉ። ልኩ ትክክል ሆኖ ከጠመሙ ሳይረጋ ተነቅንቋል ማለት ነው። እሳቱን ካጠፋችሁ በኋላ ቅይጡ እስኪጠነክር ዕቃውን አትንኩት።