የተተወ የነዳጅ ጉድጓድ ሲደፈን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነዳጅ ወይም ጋዝ መስጠት ያቆመ ጉድጓድ ሳይደፈን ከተተወ ከሥር ያለው ጨዋማ ውሃና ጋዝ መውጫ አገኘ ማለት ነው። ወደ ላይ እየተገፋ ሰውና ከብት የሚጠጡትን የከርሰ ምድር ውሃ ያበላሻል። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ይህን የሚቆጣጠረው የባቡር ሐዲድ ኮሚሽን ነው፤ ስሙ ከጥንት የቀረ ቢሆንም ዛሬ የሚከታተለው ነዳጅና ጋዝን ነው። የአደፋፈኑን ሥርዓት የያዘው ደግሞ ደንብ ቁጥር 14 ነው።

«ዋጋው ሲወደድ እመለስበታለሁ» ብሎ መጠበቅ። ቁፋሮው ወይም ምርቱ በቆመ በአንድ ዓመት ውስጥ የመድፈኑ ሥራ መጀመር አለበት። ማራዘሚያ ይሰጣል፤ ግን ተጠይቆና መስፈርቱ ተሟልቶ እንጂ ዝም በማለት አይገኝም።

ሳያሳውቁ መጀመር። ዕቅዱ ደብልዩ 3ኤ በተባለው ቅጽ ሥራው ሊጀመር ቢያንስ 5 ቀን ሲቀረው ገብቶ መጽደቅ አለበት። በዕለቱም ቢያንስ 4 ሰዓት ቀደም ብሎ ለአካባቢው የኮሚሽኑ ቢሮ ይደወላል።

ሲሚንቶን ከአፉ ላይ ማፍሰስ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ጥፋቱ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አይታይምና። በድሮ ዘመን ጉድጓድ በእንጨትና በድንጋይ ይወተፍ ነበር፤ ዛሬም ድረስ የሚያፈሱ አሉ። ከላይ የተለቀቀ ሲሚንቶ በመንገዱ ጉድጓዱ ውስጥ ካለው የቁፋሮ ጭቃ ጋር ይቀላቀላል፣ ይሳሳል፣ ክፍተት ይተዋል። ስለዚህ ደንቡ ሲሚንቶው እስከሚቀመጥበት ጥልቀት በወረደ ቧንቧ ውስጥ ተገፍቶ እንዲገባ ያዛል፤ ሥራውንም የሚሠራው ኮሚሽኑ የፈቀደለት ባለሙያ ድርጅት ብቻ ነው። መጠኑም የግምት አይደለም። ከላይኛው በስተቀር እያንዳንዱ የሲሚንቶ ውታፍ 100 ጫማ የሚሞላ፣ በዚያ ላይ ለየ1,000 ጫማ ጥልቀት 10 በመቶ የሚጨመርበት ሲሚንቶ ይፈልጋል። ግርጌው 5,000 ጫማ ላይ ላረፈ ውታፍ 150 ጫማ የሚሞላ ሲሚንቶ ያስፈልጋል ማለት ነው። በውታፎቹ መካከል ያለው ቦታ በጋሎን ቢያንስ 9.5 ፓውንድ በሚመዝን ጭቃ ይሞላል። አፉ ላይ ደግሞ የ10 ጫማ ውታፍ ይደረግና የጉድጓዱን ግድግዳ የያዘው የብረት ቧንቧ ከመሬት 3 ጫማ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል።

የቧንቧውን ውስጥ ብቻ ማየት። ውስጡ ተደፍኖ ከቧንቧው ጀርባ፣ በብረቱና በአለቱ መካከል ያለው ክፍተት ክፍት ከቀረ ጋዙ በዚያ ይወጣል። ንጹሕ ውሃ የያዘው ንብርብር ከጀርባው በሲሚንቶ ካልተከለለ ቧንቧው ተበስቶ ሲሚንቶ በግፊት ወደ ውጭ መግባት አለበት። ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ይህ ሲዘለል ማየት ያሳዝናል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ከጉድጓዱ ምንም ባላተረፈ ጎረቤት ላይ ነው።

ማስያዣው ይበቃል ማለት። ማስያዣ ኩባንያው ጉድጓዱን ሳይደፍን ቢቀር ተብሎ ለግዛቱ የሚሰጠው ዋስትና ነው። እስከ 10 ጉድጓድ ላለው ኩባንያ የግዛቱ ሕግ በጥቅል ያስቀመጠው ማስያዣ 25,000 ዶላር ነበር። ለአሥር ሲካፈል ለአንዱ 2,500 ዶላር ይደርሰዋል፤ በዚህ ገንዘብ ጥልቅ ጉድጓድ አይደፈንም። ማስያዣ ከፍሎ መሄድ ከግዴታው ነፃ አያወጣም፤ ግዛቱ በራሱ ወጪ ከደፈነ ገንዘቡን ከኩባንያው ይጠይቃል።

ጉድጓዱን ለባለመሬቱ በቃል መተው። ባለመሬቱ ለውሃ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ግን ኃላፊነቱን በጽሑፍ መቀበል አለበት። ኩባንያውም ቢሆን ከንጹሑ ውሃ በታች ያለውን ክፍል አስቀድሞ መድፈን ይጠበቅበታል። ሥራው ካለቀ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የአደፋፈኑ መዝገብ፣ ሲሚንቶውን ካስገባው ድርጅት ማረጋገጫ ጋር፣ ለኮሚሽኑ ይቀርባል።